የፍሬን ሸራ

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «እንግዲህ አንተም ግጥም አምጣ» ካሉኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሞከርሁ። ስለ ጨረቃ ልጽፍ ስነሣ ጨረቃዋ የሞተር መብራት እየሆነች አስቸገረችኝ፤ ስለ ዝናብ ስጀምር ኮብልስቶን ላይ የወደቀ ሰው ይታየኛል። በመጨረሻ ለራሴ እውነቱን ነገርሁት፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በጉሮሮዬ የተሰነቀረ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ሳይወጣ ሌላ ቃል አይወጣም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ግጥም ጠብቀህ ከሆነ ይቅርታ አድርግልኝ። ይዤልህ የመጣሁት የሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬን ነው። የቀደሙት ተማሪዎች ግለ ሂስ ይሉት የነበረው ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሳያስገድደኝ መሆኑ ነው።

የምንኖረው ኮልፌ ነው። ስለ ኮልፌ እንግዳ ሲጠይቀን፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እኛ ሰፈር መሆኑን ነግረን እንኮራለን። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ኮልፌ ለእኛ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ምድሩ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ወንዛ ወንዙ በየመካከሉ ይቆራርጠዋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ነው። በበጋ አቧራ ያቦናል፣ በክረምት እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሽቅብ ሲወጡት ልብ ያስደልቃል፤ ቁልቁል ሲወርዱት ፍሬን ይፈትናል።

በዚህ መንገድ ጧትና ማታ የሚመላለሰው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜያችን የሚለያየው በስድስት ዓመት ነው፤ አባታችን የሞተ ዕለት ግን ልዩነቱ በአንድ ሌሊት ሃያ ዓመት ሆነ። እሱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ገባ፣ እኔ ቀለም ቆጠርሁ። ሥራው በሞተር ዕቃ ማድረስ ነው፤ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ የልደት ኬክ፣ ያዘዙትን ሁሉ። ሞተሩ ቀይ ነው፣ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ። በቤታችን ከእማዬ ቀጥሎ ክብር ያለው እሱ ነው። ማታ ማታ ጓዳ ውስጥ ያድራል፤ እኔ የቤንዚንና የበርበሬ ሽታ ተቀላቅሎ እየሸተተኝ ነው ለፈተና የማጠናው።

ሞተሩ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸመው ዝርፊያ ነው ተባለ፤ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሁሉም ቆመ። ጋሼ ሥራውን ገና መጀመሩ ነበር። ሞተሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ እማዬ አሮጌ ጋቢ አልብሳው፣ ወራት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ሽሮው ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደቀጠነ አስታውሳለሁ። ኋላ ጋሼ ፈቃድ ያለው ድርጅት ዘንድ ተቀጥሮ ሞተሩ ሲነሣ ሽሮውም ወፈረ። እንግዲህ ያ ጎማ ሲዞር ምን ምን አብሮ እንደሚዞር እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

ባለፈው ሰኔ የፊት ፍሬኑ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ሲያፏጭ ሰነበተ፤ ቆይቶ ምጣድ በቢላ ሲፋቅ የሚሰማውን ድምፅ አወጣ። ጋሼ ወደ ፎርማን ወሰደው፣ እኔም ተከተልሁ። ፎርማን በሰፈራችን ጋራዥ አላቸው። ጋራዥ ከተባለ፤ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ዘይት የጠገበ መሬት። የክርስትና ስማቸውን የሚጠራ የለም። ሲናገሩ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲወጣ ያመጣው መኪና ዛገ፤ ቃሉ ግን በጋራዥ ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ። የቋንቋ ተማሪ ነኝና እሳቸው ዘንድ ስሄድ ጆሮዬ ይቆማል።

ፎርማን አጎንብሰው በዲስኩና በካሊፐሩ መካከል በባትሪ አዩ።

«ሸራው አልቋል» አሉ። «አንድ ሚሊ እንኳ አልቀረውም። ከዚህ ወዲያ ብረት ብረትን ነው የሚበላው፤ ዲስኩን ይጨርስልሃል።»

«የኋላው ደህና ነው እኮ» አለ ጋሼ።

«የኋላው ምን ያደርግልሃል? ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያጋድላል። የኋላው ጎማ ይቀላል፣ ይንሸራተታል። የሚያቆምህ የፊቱ ነው። ሰፈር ውስጥ የፊቱን አትንካ ይገለብጥሃል የሚሉትን አትስማ። ጨምድደህ ከያዝኸው ይገለብጣል፤ ቀስ አድርገህ ከጨመቅኸው ግን ነፍስህን የያዘው እሱ ነው።»

ከዚያ ሁሉ የጣሊያን ቃል መካከል «ሸራ» ብቻዋን አማርኛ ሆና መምጣቷ ገረመኝ። ብረት ላይ የተጣበቀ ጥቁር ድንጋይ መሰል ነገር እንዴት ሸራ ይባላል? ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላበጥሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከዓድዋ ድል በዓመቱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 አካባቢ ነው። ሄርበርት ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ጋሪ ነጂዎች ተራራማውን መንገድ ሲወርዱ ጎማው ላይ አሮጌ ጫማ እየለጠፉ ሲያቆሙ አየ ይባላል። ይህንማ አሻሽለዋለሁ ብሎ በሙጫ የተነከረ ድርና ማግ፣ ማለትም ጨርቅ፣ ለፍሬን ሠራ። ፌሮዶ የሚለው የፍሬን ስም የእሱ ስም ፊደላት ተገለባብጠው፣ ከሚስቱ ስም አንድ ፊደል ተጨምሮበት የወጣ ነው። ኋላ በጥጡ ፈንታ አስቤስቶስ የሚባለው የማዕድን ክር ተተካ፤ እሱም ሳንባ የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ ብዙ አገሮች ጣሉት። የእኛ መካኒኮች ሸራ ያሉት ያንን የተሸመነውን አይተው ይመስለኛል። ዛሬ ሽመና የለም። የብረት ብናኝ፣ ጭረትና ሙጫ ተደባልቆ፣ በሙቀት ተጋግሮ፣ በብረት ሳህን ላይ ይጣበቃል። ስሙ ብቻ ቀረ። ጠቅላላው ነገር የሚያዘው ደግሞ በዚያች ማጣበቂያ ነው።

ይህን ሁሉ አነበብሁ። ዕውቀት አላነሰኝም ለማለት ነው።

ጋሼ ሥራ ስለነበረበት ሸራ የመግዛቱን ነገር ለእኔ ተወው። ከደረት ኪሱ ብር አውጥቶ ቆጠረልኝ፤ ብሩ በላብ ረጥቦ ነበር።

«ፎርማን ያሉህን ዓይነት አምጣ። ርካሹን እንዳታመጣ፤ ስለ ገንዘቡ አታስብ» አለኝ።

ታክሲውን ለማትረፍ በአሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ በአብነት አድርጌ በእግሬ መርካቶ ገባሁ። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ አገር ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ጎማ፣ ካቴና፣ መስተዋት ተንጠልጥሏል። አንድ ሱቅ ገብቼ የሸራውን ዓይነት ተናገርሁ፤ ባለ ሱቁ ሁለት ካርቶን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ።

«ይሄ ኦርጅናል ነው። ይሄኛው ኮፒ ነው፤ ግማሽ ዋጋ።»

ሁለቱንም አወጣሁና አገላበጥኋቸው። መልካቸው አንድ ነው። እንዲያውም የኮፒው ካርቶን ያብረቀርቃል።

«ልዩነታቸው ምንድነው?»

«ዋጋው!» ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ኮፒውን ገዛሁ።

እዚህ ላይ ሕሊናዬን ያነጋገርሁበትን መንገድ ልግለጥ፣ ምክንያቱም ከእኛ መካከል ይህን ዓይነት ሙግት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የግጥም መድበል አለ። ከታተመ ቆይቷል፣ በሱቅ አይገኝም፤ ሁለት ወር ሙሉ እያለፍሁ እየዳሰስሁት ተመልሻለሁ። የሸራው ትራፊ ልክ ዋጋው ነበር። እንዲህ አልሁ፤ መጽሐፉ ለትምህርቴ ነው፣ ጋሼ የሚደክመውም ለትምህርቴ ነው፣ እንግዲያስ ገንዘቡ ከቦታው አልወጣም። ደግሞም ሁለቱም ሸራ ነው። ዓይኔ ያልለየውን ዲስኩ ይለየዋል አላልሁም። ሎጂክ የተማርሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ለካ ለዚህ ኖሯል።

መጽሐፉን ፍራሼ ሥር አስገባሁት። ጋሼ ደረሰኝ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር።

ያን ማታ በደጃችን ራሱ ገጠመው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልኬን መብራት እያበራሁለት ቆምሁ። ብሎኑን ልፍታ ብዬ እጄን ስሰድድ «አንተ መብራቱን ያዝ» አለኝ፤ «እጅህ የብዕር ነው፣ ዘይት አይንካው።» ይህን ሁልጊዜ ይላል። ጀሪካን ልሸከም ስል፣ ጎማ ልንፋ ስል፣ «እጅህ የብዕር ነው።» አዲሱን ሸራ ከካርቶኑ አውጥቶ በመዳፉ መዘነው።

«ቀለል አለኝሳ» አለ።

«አዲስ ስለሆነ ነው» አልሁት።

አየኝ። መብራቱ በእኔ እጅ ስለነበር የእሱ ፊት ነበር የሚታየው፤ የእኔ በጨለማ ውስጥ ነው። ከዚያ አጎንብሶ ገጠመው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ በረታ። አንድ ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም እማዬ ቡና እያፈላች፣ እኔ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ የሞተሩን ድምፅ ከላይ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሰማሁ። የሚያደርሰው ኬክ ነበር፤ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ላለ ሰው። ቁልቁለቱን ጀመረ። አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ የብረት ጩኸት፣ ቀጥሎ የሕፃን ጩኸት፣ ቀጥሎ ጸጥታ።

ባዶ እግሬን ነው የወጣሁት። የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ልጅ የፕላስቲክ ኳሷን ተከትላ ወደ መንገዱ ወጥታ ነበር። ጋሼ ፍሬኑን ሲጨምቅ መጀመሪያ ያዘለት፤ ወዲያው አንድ ነገር ሸሸና መያዣው እጁ ውስጥ ለሰለሰ። የኋላው ተንሸራተተ። ልጅቱን እንዳይገጫት መሪውን ወደ ቦዩ ጠምዝዞ ከነሞተሩ ግንቡ ላይ ተላተመ። ስደርስ ቦዩ ውስጥ ተቀምጦ ግራ እጁን በቀኙ ይዟል። ልጅቱ ኳሷን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ አንድ ጣት አልነካትም። ኬኩ ከሣጥኑ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። በክሬም ከተጻፈው ውስጥ «ልደት» የምትለዋ ብቻ ተርፋ ዝናቡ ያጥባታል።

«ልጅቱ?» አለ ጋሼ።

«ደህና ናት።»

«ኬኩን አንሣው፣ ሰው እንዳይረግጠው።»

የእጁ አንጓ ወለምታ ነበር፣ አልተሰበረም። በነጋታው ወጌሻ አሸው፣ ታሰረ፤ ዘጠኝ ቀን ሥራ ፈታ። የኬኩን ዋጋ ከደመወዙ ከፈለ።

ሞተሩን ገፍቼ ፎርማን ዘንድ ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ እጁን በሻሽ አንጠልጥሎ አጠገቤ ይሄዳል። ፎርማን ሁለት ብሎን ፈትተው ካሊፐሩን አወጡ። ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ሳህኑ ብቻ ነው የወጣው፤ ባዶ ብረት። ላዩ ላይ የነበረው ጥቁር ነገር የለም፣ የተጣበቀበት ቦታ እንደ ተላጠ ቁስል ያንጸባርቃል። ፎርማን ሳህኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ለቋል» አሉ። «አላለቀም፣ ለቋል። ሙጫው ሙጫ አይደለም። ይሄን ማነው የገዛው?»

አፌን ከፈትሁ። ጋሼ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፎርማን ቀና ብለው አዩት። «አንተ? አንተስ እንዲህ ያለ ዕቃ የምትገዛ አልነበርህም።»

«ቸኩዬ ነው።»

የከፈትሁትን አፌን መልሼ ዘጋሁ። አንባቢ ሆይ፣ የምናዘዘው ስለ ሸራው ብቻ እንዳይመስልህ። ሸራውን ስገዛ የሚሆነውን አላውቅም ነበር እል ይሆናል። ያን ጊዜ ግን፣ ያ ባዶ ብረት በፎርማን መዳፍ ላይ ተቀምጦ፣ የወንድሜ እጅ በሻሽ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ሌሊት ተነሥቼ መጽሐፉን ከፍራሼ ሥር አወጣሁና ጋሼ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። እሱም አልተኛም ነበር። ከመርካቶ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ነገርሁት። ጨለማ ነበርና መልኩን አላየሁም። ብዙ ቆየ።

«ስመዝነው ቀሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን አዲስ ስለሆነ ነው አልኸኝ። አንተ ደግሞ ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

«ፎርማን ፊት ለምን እኔ ነኝ አልህ?»

«በሰው ፊት ላዋርድህ?»

ደግሞ ዝም አለ። ቀጥሎ የተናገረው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«እጄ ይድናል። ልጅቱን ግን አስበሃታል? እናቷን አስበሃል?»

አስቤያለሁ አልሁት። እውነት ነበር፤ ሦስት ሌሊት ሌላ ነገር አላሰብሁም።

«መጽሐፉን አነበብኸው?»

«አላነበብሁትም። አልቻልሁም።»

«እንግዲያ አንብበው። ተከፍሎበታል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በሚቀጥሉት ቀናት ለሁለት ተመራቂ ጓደኞቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በኮምፒዩተር እየጻፍሁ ገንዘብ አገኘሁ። ሸራውን ለመግዛት ፎርማን ራሳቸው አብረውኝ መርካቶ ሄዱ። ከመሄዳችን በፊት የገዛሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገረማቸውም። ሱቁ ውስጥ ሸራውን በጥፍራቸው ጫሩት፣ ሳህኑና ሸራው የተገናኙበትን መስመር በባትሪ ዞረው አዩ፤ ስንጥቅ ወይም ክፍተት እንደሌለው አረጋገጡ። ስንመለስ መሣሪያውን ፊቴ አስቀመጡና «ይሄን ያመጣ ይግጠመው» አሉ። ጋሼ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ «አንተ ተቀመጥ» አሉት።

እንዴት እንደሠራሁ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ በሕይወቴ ከማንኛውም የፈተና ወረቀት ይልቅ የተጠነቀቅሁበት ሥራ ነውና።

ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በቺያቬ ፈታሁ። ካሊፐሩ ከዲስኩ ላይ ሲወጣ ከፍሬን ዘይት ቱቦው ጋር እንደተያያዘ ነው፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይጎዳው በሽቦ አሰርሁት። አሮጌዎቹ ሸራዎች የተሰኩበትን ዘንግ አወጣሁ። ውስጡን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ አጥቤ አደረቅሁ፤ አቧራው ወደ አፍ እንዳይገባ በአፍ አይነፋም። ካሊፐሩ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ዘንጎች ጠርጌ ስስ ግራሶ ቀባሁ። «ግራሶው ሸራውን ከነካ ሁለታችንም ሥራ ፈታን ማለት ነው» አሉኝ ፎርማን። ስለዚህ እጄን በሳሙና ታጥቤ ተመለስሁ። ለካ የመካኒክ እጅም የሚታጠብበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መመለስ ነው። አሮጌው ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኑ እየተከተለው ወደ ውጭ ይወጣል፤ አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ካልተመለሰ አይገባም። መሪው ላይ ያለውን የዘይት ዕቃ ክዳን ከፈትሁ፤ ፒስተኑ ሲገፋ ዘይቱ ወደዚያ ሽቅብ ይመለሳልና እንዳይፈስ ጨርቅ ከበብሁበት። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ከዚያ በአውራ ጣቴ ቀስ እያልሁ ገፋሁት።

ያን ጊዜ ፓስካል ትዝ አለኝ። ብሌዝ ፓስካልን በፍልስፍና ክፍል እናውቀዋለን፤ እግዚአብሔር አለ ብለህ ብትወራረድ ይሻልሃል ያለው ፈረንሳዊ ነው። ይኸው ሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዕቃ ውስጥ የታፈነ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ጫናው ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚደርስ ገለጠ። በሁለት ጣት የሚጨመቅ መያዣ ሰውና ብረት ተሸክሞ ቁልቁል የሚሮጥ ጎማ የሚያቆመው በዚህ ሕግ ነው። አንዲት ትንሽ ጠብታ አየር በመካከሉ ከገባች ግን ሕጉ ይዋሻል፤ አየር ይጨመቃልና ጫናው እዚያው ይቀራል። ፒስተኑ በአውራ ጣቴ ሥር ሲመለስ፣ በወዲያኛው ጫፍ ዘይቱ በዕቃው ውስጥ ከፍ ሲል አየሁት። እዚህ የነካሁት እዚያ ደረሰ። መጽሐፍ ላይ ሳነበው እንዲህ አልገባኝም ነበር።

አዲሶቹን ሸራዎች ፊታቸውን ሳልነካ በጠርዛቸው ይዤ አስገባሁ። ዘንጉን መለስሁ። ካሊፐሩን ዲስኩ ላይ አስቀመጥሁ፣ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በቺያቬ አጠበቅሁ። ፎርማን ደግመው በራሳቸው እጅ ሞከሯቸው። የዘይቱን ልክ አይቼ ክዳኑን ዘጋሁ።

«ጨረስሁ» አልሁ።

«ጨረስህ? እስቲ ፍሬኑን ያዘው።»

ያዝሁት። መያዣው ያለ አንዳች እምቢታ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ደነገጥሁ።

«አየህ» አሉ ፎርማን። «ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ገና አልደረሰም። ይሄን ሳያውቅ ሞተር አስነሥቶ ቁልቁለት የወረደ ሰው አለ። ጭመቅ፤ እስኪጠነክርልህ ጭመቅ።»

ደጋግሜ ጨመቅሁ። በእያንዳንዱ ጭመቃ መያዣው ትንሽ ትንሽ እየጠነከረ መጣ፣ በመጨረሻም ቀጥ አለ። የፊት ጎማውን አንሥተን በእጅ አዞርነው፤ በነጻ ይዞራል፤ ስጨምቀው ይቆማል።

«በል እንግዲህ» አሉ ፎርማን። «የገጠመ ነው የሚፈትን።»

መንጃ ፈቃድ የለኝም። በመጀመሪያ ጋራዡ ፊት ባለው ሜዳ ሞተሩን እየገፋሁ ሮጥሁ፤ ስጨምቀው ቆመ። ደግሜ ሮጥሁ፤ ቆመ። ከዚያ ጋሼ የታሰረበትን ሻሽ ፈትቶ፣ አንጓውን አንድ ሁለት ጊዜ አዟዙሮ ሞከረና ተቀመጠ። ሳልጠየቅ ከኋላው ወጣሁ። የፈታሁትን እኔ፣ የገጠምሁትን እኔ፤ እሱን ብቻውን ልልከው አልቻልሁም። ሞተር ላይ ከኋላው ስቀመጥ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ወገቡን እንደዚያን ቀን ጨምድጄ ይዤ ግን አላውቅም።

ሜዳ ሜዳውን ብዙ ዞርን። አዲስ ሸራ ወዲያው አይያዝም፤ ከዲስኩ ጋር እስኪለማመድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ለስለስ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ጨምድደው ከያዙት ፊቱ ይቃጠልና እንደ መስተዋት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ አይነክስም። ጋሼ እየነዳ፣ እየጨመቀ፣ እየለቀቀ ሄደ። ሲጨምቅ ክብደቴ ወደ ጀርባው ሲገፋኝ ይሰማኛል፤ ፎርማን ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል ያሉት ይኼ ነው።

ከዚያ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ደረስን። ቁልቁለቱ ራስ ላይ አቆመ። ኮብልስቶኑ ከጧቱ ዝናብ ገና እርጥብ ነበር። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ልውረድ?» አለኝ ሳይዞር።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ማንም መምህር እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም፤ መልሱ ስህተት ቢሆን የሚቀነስብኝ ነጥብ አልነበረምና።

«ውረድ» አልሁት።

ወረድን። መካከል ላይ ሲደርስ ጨመቀ፤ ሞተሩ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፅ የለም። ልጅቱ ከቤቷ ደጅ ላይ ሆና ታየን ነበር፤ ኳሷን ከጀርባዋ ደበቀች። ጋሼ ሳቀና በደህናው እጁ ሰላም አላት።

መጽሐፉን አንብቤ ጨርሼዋለሁ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። አሁን መደርደሪያ ላይ ነው፤ አጠገቡ ያ ባዶ ሳህን አለ። ጋሼ አንድ ቀን አይቶት «ይሄን ምን ልታደርግበት ነው?» አለኝ፤ «ምንም» አልሁት።

«እጅህ የብዕር ነው» ማለቱን ትቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን የማየው እኔ ነኝ። ጋሼ ጧት ጃኬቱን እየለበሰ ከጓዳ ይጠይቀኛል።

«ሸራውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ስንት ቀርቶታል?»

«ሦስት ሚሊ» እለዋለሁ፤ ይወጣል።